የሰመርላንድ መድረክ፦ ሙታን በሚራመዱበት ልብ ወለድ ውስጥ የሚሰማ ስብከት

በአሜሪካ ካሉት የአማርኛ አብያተ ክርስቲያናት በአንዷ፣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ፣ አንዲት እናት መጽሐፍ ይዛ ወደ እናንተ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ? መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ሽፋኑ ላይ ማጭድ የያዘች ጥቁር ልጃገረድ ቆማለች። እናት እንዲህ ትላለች፦ «መጋቢ፣ ልጄ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሌሊት ሌሊት ይህን ታነባለች። ሙታን ተነሥተው ሰው ይበላሉ ይላል አሉ። ላስጥላት ወይስ ልተዋት?»

ብዙዎቻችን መልሱ አፋችን ላይ ነው። ሽፋኑን አይተን፣ ከጀርባው ጥቂት መስመር አንብበን «አስጥያት» እንላለን፤ እናትም አመስግና ትሄዳለች። ልጅቱ ግን መጽሐፉን ስልኳ ላይ ታገኘዋለች። እኛም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሳናውቀው እንቀራለን። ያ ሰው መጋቢ ነው፤ እንደ እኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የሚሰብክ ሽማግሌ። በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው እርሱን ነው። ሙታኑ ይቆዩን።

መጽሐፉ «ድሬድ ኔሽን» ይባላል፤ ፍርሃት የነገሠባት አገር እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ጀስቲና አየርላንድ አፍሪካ አሜሪካዊት ናት። መጽሐፉ የታተመው በ2018 ሲሆን፣ «ዴዝለስ ዲቫይድ» የተባለው ተከታዩ በ2020 ወጥቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚነሣው ከእውነተኛ ጦርነት ነው። በ1863 በጌቲስበርግ፣ በሦስት ቀን ውጊያ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ደብዛው ጠፋ። ልብ ወለዱ የሚጠይቀው «የወደቁት ከዚያ ሜዳ ተነሥተው መሄድ ቢጀምሩስ?» ብሎ ነው። ሰሜንና ደቡብ የጋራ ጠላት ስላገኙ ጦርነቱ ይቆማል። ባርነትም በወረቀት ይሻራል። ነገር ግን ሙታኑን ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የጥቁሮችንና የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤታቸው ወስዶ ውጊያ የሚያስተምር ሕግ ይወጣል። ይህ ከአየር ላይ የተወሰደ ሐሳብ አይደለም። በ1879 በፔንሲልቬንያ የተከፈተውን የካርላይልን ትምህርት ቤት የመሰሉ ተቋማት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥለው ጠጉራቸውን እየቆረጡ፣ ቋንቋቸውን እየከለከሉ ያሳደጉበት ዘመን ነበር። ደራሲዋም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በጻፈችው ማስታወሻ እነዚህን ትምህርት ቤቶች ታነሣለች።

ባለታሪኳ ጄን ማኪን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከኬንተኪ ወጥታ ባልቲሞር በሚገኝ የውጊያ ትምህርት ቤት ማጭድና ጠመንጃ ትማራለች፤ ስትመረቅ የአንዲት ሀብታም ነጭ ሴት ጠባቂ ትሆናለች። የከተማዋ ሹማምንት «አካባቢው ከሙታን ጸድቷል» እያሉ ይምላሉ። ቤተሰቦች ግን ባልታወቀ ሁኔታ ይጠፋሉ። ጄን ከወዳጇ ከጃክና ከማይዋደዱት የክፍል ጓደኛዋ ከካትሪን ጋር ሆና ነገሩን ስትመረምር ይደረስባታል፤ ሦስቱም በባቡር ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ካንሳስ ይጋዛሉ። የሚደርሱባት ከተማ ሰመርላንድ፣ «የበጋ ምድር» ትባላለች። ዙሪያዋ ግንብ ነው። ከውስጥ ያማሩ ቤቶች አሉ። ግንቡ ላይ ቆመው ሙታኑን የሚመልሱት ጥቁሮች ሲሆኑ፣ የሚሰጣቸው መሣሪያ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካትሪን መልኳ የፈካ ስለሆነ እንደ ነጭ ተቆጥራ ከውስጥ ትቀመጣለች፤ ጄን ግንቡ ላይ ትቆማለች። የከተማዋ ሕግ በሸሪፍ ስናይደር እጅ ነው። የከተማዋ መድረክ ደግሞ በአባቱ በመጋቢ ስናይደር እጅ ነው። ሕጉና ስብከቱ ከአንድ ቤት ይወጣሉ።

አየርላንድ መጽሐፏን ለሁለት ከፍላ፣ የመጀመሪያውን «የሠለጠነው ምሥራቅ»፣ ሁለተኛውን «ጨካኙ ምዕራብ» ብላዋለች። አንባቢ ብዙ ሳይገፋ ጭካኔው ከምሥራቅ በባቡር ተጭኖ የመጣ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደ ሙታኑ እንምጣ፤ እናትን ያስፈራት እርሱ ነውና ማለፍ አይገባም። ዘዳግም 18 ሙታን ሳቢን ይከለክላል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሙታንን የሚጠራ፣ የሚያማክር ወይም የሚያናግር የለም። ነገሩ በንክሻ እንደሚተላለፍ በሽታ ተደርጎ የቀረበ ነው። ደም አለው፤ ግርፋት የሚፈጸምበት ከባድ ትዕይንት አለ፤ ስለ ፆታዊ ዝንባሌ ከምናስተምረው ጋር የማይስማሙ ጥቂት መስመሮችም አሉ። ወላጅ ይህን አውቆ ይወስን። ጥንቆላ ብሎ መፈረጅ ግን መጽሐፉን አለማንበብ ነው።

የዞምቢን ታሪክ ከሥሩ ብናየው ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ዞምቢ የሚለው ሐሳብ ወደ አሜሪካ የገባው ከሄይቲ ነው። በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ለሚደክሙት ባሮች ሞት የመጨረሻው ዕረፍት ነበር። ከሞት የሚከፋ አንድ ፍርሃት ብቻ ቀረ፤ ከሞቱም በኋላ ተቀስቅሶ፣ ያለ ፈቃዱ፣ ለሌላ ሰው መሥራት። የሄይቲው ዞምቢ ሰው የሚበላ አውሬ አልነበረም። ዕረፍት የተነፈገ ባሪያ ነበር። ሥጋ በላተኛ ያደረገው በኋላ የመጣው ሲኒማ፣ በተለይ የጆርጅ ሮሜሮ የ1968 ፊልም ነው። አየርላንድ ሁለቱንም ይዛለች፤ ነገር ግን ወደ መጽሐፉ ማብቂያ አካባቢ፣ የሰመርላንድ የኤሌክትሪክ መብራት ከየት እንደሚመጣ ስትገልጥ፣ ወደ ጥንቱ ትመለሳለች። ሙታኑ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው ይራመዳሉ፤ በእርምጃቸው መብራት ይበራል። ከላይ ያሉት የሚያነቡበትና እራት የሚበሉበት ብርሃን ከዚያ ይመጣል። እኔ ይህን ሳነብ የደነገጥሁት ከንክሻው ሁሉ ይበልጥ ነው።

የትንሣኤን ትምህርት ለወጣቶች የምታስተምሩ ሁሉ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በሉ። ከቀብር ስብከቶቻችን ውስጥ ስንቱ ስለ ሥጋ ትንሣኤ ይናገራል? «ነፍሱ ወደ ጌታ ሄደች» ብለን እንጨርሳለን፤ ልጆቻችንም ትንሣኤን እንደ ነፍስ በረራ ይስሉታል። እንዲህ የተማረች ልጅ የዞምቢ ታሪክ ስታነብ፣ ሥጋ ከመቃብር የሚወጣበትን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ያህል ነው። 1 ቆሮንቶስ 15ን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። የልብ ወለዱ ሙት ሥጋው ተነሥቷል፤ አልታደሰም። ስም የለውም፣ ወዳጁን አይለይም፣ የቀረው ረኃብ ብቻ ነው። ሉቃስ 24 ላይ የተነሣው ጌታም ይበላል፤ ግን የሚበላው ከወዳጆቹ እጅ የተቀበለውን ዓሣ ነው፤ ቁስሉን ያሳያል፣ በዮሐንስ 20 ደግሞ ማርያምን በስሟ ይጠራታል። አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ የመጀመሪያው ትእዛዝ መግነዙ እንዲፈታና እንዲሄድ ነው። የሰመርላንድ ሙታን ከመቃብር ወጥተው ይታሰራሉ። ይህን ልዩነት አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትረዳዋለች፤ መጽሐፉን አንብባዋለችና።

ወደ መጋቢ ስናይደር ልመለስ። ስብከቱ አጭር ነው፤ ሥነ አመክንዮውም የተያያዘ ነው። እግዚአብሔር ለየዘሩ ቦታ ሰጥቷል፤ ጦርነቱ ያንን ሥርዓት አፈረሰ፤ ሙታኑ የተነሡት ስለዚህ ነው፤ ሰላም የሚመለሰው ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። የጥቁሩ ቦታ ግንቡ ላይ ነው። ይህን የሚሰማው የከተማው ነጭ ሕዝብ መጽናናትን ያገኛል፤ ልጁ ሸሪፉ ደግሞ ለጅራፉ ሥልጣን ያገኛል። አንዳንድ አንባቢ ስናይደርን የተጋነነ፣ ክርስትናን ለማጠልሸት የተፈጠረ ሰው ነው ይል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ጠርጥሬ ነበር፤ በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ክፉ ሰባኪ ማስገባት ቀላል ነውና። ከታሪክ ጋር ሳስተያየው ግን ደራሲዋ ያጋነነችው ነገር አላገኘሁም። እንዲያውም አሳንሳዋለች።

ጄምስ ሄንሊ ቶርንዌል የፕሬስቢቴሪያን ሊቅ ነበር። በ1850 በቻርለስተን፣ ለጥቁሮች የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ስለ ጌቶችና ስለ ባሪያዎች መብትና ግዴታ ሰበከ፤ ባርነት ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር እንደሚስማማ ተከራከረ። ሮበርት ዳብኒ በቨርጂኒያ የነገረ መለኮት መምህር ነበር። ጦርነቱ ካለቀ፣ ባርነት ከተሻረ በኋላ እንኳ በ1867 ባርነትን የሚሟገት መጽሐፍ አሳተመ። ከእናንተ መካከል የእነዚህን ሰዎች ስም በስልታዊ ነገረ መለኮት መጻሕፍት ግርጌ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ሥላሴ፣ ስለ ስርየት፣ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ሥልጣን ብትጠይቋቸው የሴሚናሪያችንን ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ ያልፉ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን አልካዱም። ጠቀሱት። ችግሩ ለዘብተኛ መሆናቸው ቢሆን ኖሮ ለእኛ ይቀለን ነበር።

የተጠቀሙበትን መንገድ እንመልከት። ዘፍጥረት 9 ላይ ኖኅ የረገመው ካምን ሳይሆን ከነዓንን ነው። ምዕራፍ 10 የካምን ልጆች ሲዘረዝር ኩሽን ከከነዓን ለይቶ ይጠራል፤ በኩሽ ላይ የተነገረ እርግማን የለም። ይህን ለማየት ዕብራይስጥ አያስፈልግም፣ የአማርኛው መጽሐፍ ይበቃል። ይሁን እንጂ ለዘመናት «የካም እርግማን» እየተባለ በጥቁር ሕዝብ ላይ ተጫነ። እኛ ደግሞ መዝሙር 68ን ይዘን፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ እየዘመርን፣ የኩሽ ስም በመጽሐፍ ውስጥ መገኘቱን እንደ ክብር ስንቆጥር ኖረናል። በአንዱ ስም አንዱ ሕዝብ ተኩራርቶበታል፣ ሌላው ታስሮበታል። ኩራታችን የአፈታት ጥንቃቄ ያስተምረናል ብዬ አላምንም። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጡበት ልማድ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዘልቋል። ደጃፉን አልፎ ገብቶ እንደ ሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የፊልሞና መልእክት ደግሞ አለ። በ1830ዎቹ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የተባለ ሰባኪ በጆርጂያ ለባሮች ወንጌል ይሰብክ ነበር። አንድ ቀን ፊልሞናን ይዞ ስለ ታዛዥነት አስተማረ፤ መኮብለል በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ መሆኑን ተናገረ። ከአድማጮቹ ግማሾቹ ተነሥተው ወጡ። ከቀሩትም አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ብለው ተከራከሩት። ይህን የዘገበው ራሱ ጆንስ ነው፤ ሐቀኝነቱን አከብርለታለሁ። እኔ ግን የማስበው ስለ ወጡት ነው። ማንበብ የተከለከሉ ሰዎች፣ ከተማረው ሰባኪ ይልቅ የመልእክቱን ልብ አውቀው ነበር፤ ጳውሎስ የጻፈው አናሲሞስ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበሉት ነውና። ይኸው መልእክት በሌላ ባሕር ዳርቻ ሌላ ፍሬ አፍርቷል። በሕፃንነቱ ተማርኮ የተሸጠ፣ በምፅዋ ነጻ የወጣ የኦሮሞ ልጅ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ያው አናሲሞስ ማለት ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899 ታተመ። ጆንስ ለማሰሪያ ያነበበውን መልእክት እነዚያ ሚስዮናውያን ለልጁ ስም አደረጉለት።

ስለዚህ የአየርላንድን መጽሐፍ ስታነቡ ስናይደርን እንደ ጠላት ወታደር አትዩት። የእኛን ሙያ የያዘ ሰው ነው።

ጄን በዚህ ስብከት ፊት ምን ትይዛለች? አንድ ሳንቲም። ያሳደገቻት አክስት አጊ የሰጠቻት፣ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት ሳንቲም ናት፤ አደጋ ሲቃረብ ሳንቲሟ በረዶ ትሆናለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከሙታኑ ሌላ አስማት የሚባል ነገር ቢኖር ይህ ነው። እኛ ደግሞ ስሙን እናውቀዋለን፤ ክታብ ነው። ከብዙዎቻችን አያቶች አንገት ላይ ተበጥሶ እሳት ውስጥ የተጣለው ክታብ። የወንጌል አማኝ ይህን ሲያነብ ቢሰቀጥጠው አልፈርድበትም፣ እኔንም ሰቀጠጠኝ። ነገር ግን ክታቡን የሚፈጥረው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ጄን ሳንቲሙን የያዘችው መጽሐፍ ቅዱስ ስላልሰማች አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ስም የተነገራት ሁሉ እርሷን ለመጠበቅ የተነገረ ስላልነበረ ነው። የሳንቲሙ ኃይልም ትንሽ ነው፤ ያስጠነቅቃል እንጂ አያድንም። ደራሲዋ ይህን ገደብ ማስቀመጧ ብልህነት ይመስለኛል። ጄን የሚያስጠነቅቃት አላት፤ የሚያድናት የላትም፤ ስለዚህ ራሷን ታድናለች፣ ለዚያም ደግሞ ትገድላለች፣ ትዋሻለችም።

ውሸቷ ራሱ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው። ጄን ከባልቲሞር ለእናቷ በምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ከደብዳቤው ሥር የሚነበበው ምዕራፍ ግን ሌላ ነው። ከዐረብ አገር ደውላ «ደህና ነኝ፣ እማዬ» የምትል ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ድምፁን ታውቁታላችሁ። የጄን አንደበት ቀልደኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ራሷንም አይምርም። ካትሪን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቆንጆና ትዕቢተኛ ሆና ቀርባ፣ ቀስ በቀስ ከጄን ይልቅ ጽኑ ሰው ሆና ትወጣለች። ሸሪፉ ግን ከጅራፉ በቀር ሌላ ነገር የለውም፤ ቶሎ ይሰለቻል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሤራው ይጣደፋል። በተከታዩ መጽሐፍ ትረካውን ጄንና ካትሪን እየተፈራረቁ ይይዙታል፤ ጄን በበቀል ተይዛ ስትሄድ፣ በቀል ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ደራሲዋ ሳትሸፋፍን ታሳያለች። ሮሜ 12ን ለሚሰብክ ሰው እነዚያ ምዕራፎች ይጠቅሙታል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው፤ ከሥነ ጽሑፍም ከነገረ መለኮትም ወገን ነው። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከስናይደር ጋር የሚመዛዘን ሰባኪ የለም። ደራሲዋ የሐሰተኛውን መድረክ ድምፅ አጉልታ አሰማችን፤ ለእርሱ መልስ የሰጠውን መድረክ ግን ዝም አሰኘችው። ታሪኩ በሚጀምርባት በባልቲሞር ያ መድረክ ነበረ። ፍሬድሪክ ደግላስ ፊደል የቆጠረው በዚያች ከተማ ነው፤ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይም የዚያች አገር ክርስትናና የክርስቶስ ክርስትና አንድ እንዳልሆኑ፣ አንዱን የወደደ ሌላውን ሊጠላ ግድ እንደሚሆንበት ጽፏል። በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በሪቻርድ አለን መሪነት ስትቋቋም ከባልቲሞር የሄዱ ጥቁር አማኞች ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች ጌቶቻቸው ያነበቡትን መጽሐፍ አንብበው ዘጸአትን አገኙ። ባሮችን ለማስተማር በ1807 ለንደን ላይ የታተመ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ከዘጸአት የነጻነቱን ታሪክ ቆርጦ ማውጣቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያሳተሙት ሰዎች ያ ክፍል ቢነበብ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር።

ደራሲዋ ይህን ባታውቅ ኖሮ ዝም ባልሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ከሰመርላንድ የተረፉት የሚያመሩት ወደ ኒቆዲሞስ ነው፣ ኒቆዲሞስ ደግሞ የልብ ወለድ ከተማ አይደለም። በ1877 በካንሳስ ሜዳ ላይ፣ ጄን ከተወለደችበት ከኬንተኪ የመጡ፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ያቋቋሟት ከተማ ናት። ከመሥራቾቿ መካከል ሁለት ጥቁር አገልጋዮች፣ ደብልዩ ኤች ስሚዝና ሳይመን ራውንድትሪ ነበሩበት። እንጨት በሌለበት ሜዳ ሰዎቹ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ቤት ውስጥ ኖሩ፤ የመጀመሪያውን ብርድ ያለፉት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሰዎች ምግብ አካፍለዋቸው እንደ ሆነ ይነገራል። የባፕቲስት ጉባኤያቸውም የተጀመረው በጉድጓድ ቤት ነው። የሜቶዲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን በ1885 የተሠራች ሲሆን እስካሁን ቆማለች፤ ቦታው ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት እንደ ብሔራዊ ቅርስ ይጠበቃል።

እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት መድረክ ነበር። አንዱ በግንብ ውስጥ፣ ሌላው በመሬት ውስጥ። አየርላንድ ሁለተኛዋን ከተማ ወደ መጽሐፏ አስገባቻት፤ ከጉድጓዱ የወጣውን ስብከት ግን ይዛ አልመጣችም። በዚህም የጄን አለማመን በስናይደር ላይ ብቻ እየተለካ በቀላሉ ይረታል። ጎበዝ ተከራካሪ ቢገጥማት ኖሮ መጽሐፉ ራሱ ይበረታ ነበር። ወጣት አንባቢዋም መጽሐፉን ስትዘጋ፣ እግዚአብሔር የስናይደር ወገን ነው ወይስ የጉድጓዱ ሰዎች ወገን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዛ ልትነሣ ትችል ነበር፤ አሁን የምትነሣው ከፊተኛው ግማሽ ጋር ብቻ ነው።

ቀሪውን ግማሽ ማን ይነግራታል? ደራሲዋን በዚህ ብወቅስም፣ ጉዳዩን ለእርሷ ጥዬ መሄድ አልችልም። ለአፍሪካ አሜሪካውያን ወንድሞችና እኅቶች የእምነት ታሪክ በሴሚናሪዎቻችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ውስጥ ስንት ሰዓት እንሰጣለን? ከሉተርና ከካልቪን ወደ ዌስሊ፣ ከዌስሊ ወደ ሚስዮናውያን፣ ከሚስዮናውያን ወደ እኛ እንሻገራለን። በአሜሪካ የሚያገለግሉ መጋቢዎቻችን ልጆች ግን በትምህርት ቤት፣ በመንገድ፣ በፖሊስ ፊት፣ ከጄን ጋር በአንድ ስም ይጠራሉ። አባቶቻቸው «እኛ እኮ ከእነርሱ አይደለንም» ይሏቸዋል። ይህን ንግግር በራሴ ጆሮ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ ሰምቼዋለሁ። ካትሪን በሰመርላንድ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ለእርሷ ግን ሌሎች ነገሯት እንጂ በራሷ ፈቃድ አልጀመረችውም።

ለዚያች እናት የምመልስላት ይህን ነው። መጽሐፉን ለአንድ ሳምንት እንድታውሰኝ እጠይቃታለሁ፤ አነበዋለሁ። ልጅቱንም ከእናቷ ጋር እጠራትና ስናይደር የሚናገርባቸውን ገጾች አብረን እንገልጣለን፤ ከጎኑ ፊልሞናን አስቀምጣለሁ። ከዚያም አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፦ «እንደዚህ ሰው ሲሰብክ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» መልሱን ለመስማት ሰዓቴን ሳላይ እቀመጣለሁ።